ናርካን ተሰጥቶት ያልነቃ ሰው

ባዕድ ነገር ሲባል ሐበሻ ቶሎ ይገባዋል። በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ ጤፍ ውስጥ ጀሶ። ባልትና ያወቀች እናት በርበሬውን በጣቷ አሽታ ትለየዋለች። መንገድ ላይ የሚሸጥ ዕፅ ውስጥ የገባውን ግን ገዢው አያውቀውም፣ ሻጩ አያውቀውም፣ ለሻጩ ያቀበለውም ብዙ ጊዜ አያውቀውም። በዓይንም በምላስም አይለይም።

ይህን፣ ዕፅ ትንፋሹን ያቆመበትን ሰው ስለ ማዳንና ናርካን ስለሚባለው ማርከሻ፣ የምንጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ነው። በተለይ ታክሲና ኡበር ለምትነዱ፣ ፓርኪንግና ነዳጅ ማደያ ለምትሠሩ፣ ልጃችሁ በሩን ዘግቶ መዋል ለጀመረባችሁ። ራሱ የሚጠቀም ሰው ካነበበውም ይጠቅመዋል፤ ቁጣ የለበትም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከኋላ ወንበር የተኛው ተሳፋሪ ሲጠሩት ዝም ቢል ብዙዎቻችን «ሰክሯል» ብለን እናልፋለን። ሰካራምም ያንኮራፋል። ልዩነቱ ያለው ትንፋሹ ላይ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ 30 ሰከንድ ያዙና ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ቁጠሩ። 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ ውኃ እንደሚንተከተክ ከሆነ፣ እንቅልፍ አይደለም፤ ዕፁ ትንፋሹን እያቆመው ነው። የጣቶቻችሁን አንጓ ደረቱ መሀል ያለው አጥንት ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት፤ የተኛ ሰው ይሄን አይችለውም፣ ይነቃል። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ ይገኛል። «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል» የሚለው ማስታወቂያ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ ነው። እኛ ላይ የሚታየው አመድማ መልክ ነው፤ ድዱን፣ የከንፈሩን ውስጥ፣ የጥፍሩን ሥርና መዳፉን እዩ።

911 ስትደውሉ ከሁሉ ቀድማችሁ አድራሻውን ተናገሩ፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው ይመጣል። ቀጥሎ «ኖት ብሪዚንግ» በሉ፤ አይተነፍስም ማለት ነው። እንግሊዝኛው አልሆን ካለ «አምሃሪክ» ብቻ ብትሉ አስተርጓሚ ይፈለጋል፣ ስልኩን አትዝጉ። ፖሊስ ይመጣል ብሎ መፍራት ብዙ ሰው ገድሏል። ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለእርዳታ የደወለን ሰው፣ ትንሽ ዕፅ በመያዝ ከመከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አላቸው። ሕጉ ሽያጭንና ሌላ ወንጀልን አይሸፍንም፤ የፌዴራልም ስላልሆነ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ቀድሞ ጠበቃ ቢያማክር ጥሩ ነው። ሰው መተንፈስ ባቆመበት ሰዓት ግን ይህ ሁሉ የሚታሰብበት ጊዜ የለም፤ አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ናርካን የአፍንጫ መርጫ ነው፤ መድኃኒቱ ናሎክሶን ይባላል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል፣ ከጤና ቢሮዎች ደግሞ በነፃ ይገኛል። አንድ ካርቶን ውስጥ ሁለት አሉ፣ እያንዳንዱ 4 ሚሊግራም፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚረጭ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁሌ አንድ ነው፦ ሰው እንደ ሽቶ ለመሞከር አየር ላይ ይጫነዋል፣ በዚያው ያልቃል። አትሞክሩት። ሰውየውን በጀርባው አስተኙ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጉ፣ የመርጫውን ጫፍ ጣታችሁ አፍንጫውን እስኪነካ ድረስ አስገቡ፣ ከሥር ያለውን በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ግፉት። ከዚያ አፍ ለአፍ ተንፍሱለት። አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እያያችሁ። የ911 ሠራተኛው ደረቱን እንድትጫኑ ካዘዛችሁ ያለውን አድርጉ። 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቃችሁ ትንፋሹ ካልተመለሰ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ።

ሎሚ ማሽተት፣ ክብሪት ማጨስ፣ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ በወተት ማርከስ፣ ደግፎ ማራመድ፣ አንዱም አይሠራም። ወተቱማ ራሱ አደጋ ነው፤ መዋጥ የማይችል ሰው ወደ ሳንባው ያስገባዋል።

አሁን ወደ ርዕሱ። ሁለቱንም ረጫችሁ። ትንፋሹ ተመልሷል፣ ደረቱ በደንብ ከፍና ዝቅ ይላል፣ መልኩም ተመልሷል። ግን ዓይኑን አልገለጠም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ናርካን ያገኘ ሰው ደንግጦ ተነስቶ፣ አንዳንዴም ተሳድቦ ይሄድ ነበር። አሁን ብዙው እንዲህ አይነሳም፤ ምክንያቱም የወሰደው ፌንታኒል (ከሄሮይን የሚበረታ ሰው ሠራሽ ማደንዘዣ ዕፅ) ብቻ አይደለም። ናሎክሶን የሚያስለቅቀው ፌንታኒልን፣ ሄሮይንንና የመሳሰሉትን ኦፒዮይዶች ነው። አብሮ የገባው ማስተኛ ሌላ በር ላይ ነው የተቀመጠው፤ ናርካን ያንን በር አይነካውም። ስለዚህ የምትፈልጉት ትንፋሹን ነው። ትንፋሹ ደህና ከሆነ ሦስተኛና አራተኛ መርጫ ፍለጋ አትሩጡ፤ ሲበዛ በኃይል ያስታውከዋል፣ ያልነቃ ሰው ሲያስታውክ ደግሞ ትውኪያው ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፉት፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጉ፣ እየቆጠራችሁ አጠገቡ ቆዩ። ናርካን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የወሰደው ነገር መልሶ ሊጥለው ስለሚችል «ደህና ነኝ» ቢላችሁም አምቡላንሱ ይየው።

ያ ማስተኛ ምንድን ነው? በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በሰፊው የታወቀው ዛይላዚን ነው፤ መንገድ ላይ «ትራንክ» ይሉታል። የእንስሳት ሐኪም ፈረስና ላም የሚያስተኛበት መድኃኒት ነው፤ ለሰው ተፈቅዶ አያውቅም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፖርቶ ሪኮ ታየ፣ ከዚያ ፊላደልፊያ ገባ፤ በ2021 እዚያ ከተመረመረው «ዶፕ» (የመንገድ ሄሮይንና ፌንታኒል) ከ10 እጅ 9ኙ በላይ ዛይላዚን ነበረበት። በሚያዝያ 2023 ዋይት ሀውስ ከፌንታኒል ጋር የተቀላቀለ ዛይላዚን አዲስ ብሔራዊ አደጋ ነው ብሎ አወጀ። ለምን ይቀላቀላል ለሚል መልሱ የንግድ ነው፦ ፌንታኒል ቶሎ ያልፋል፣ ገዢው ይነጫነጫል፤ ዛይላዚን ስካሩን ያስረዝምለታል፣ ርካሽም ነው። የደም ግፊት ይጥላል፣ የልብ ምት ያዘገያል፣ ለሰዓታት ያስተኛል። የተኛው ሰው እጁ ወይም እግሩ ከሥሩ ተጣጥፎ ከዋለ ደግሞ ጡንቻው ይሞታል፣ ያ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። አምቡላንስ ሲዘገይ በየጊዜው አገላብጡት የምንለው ለዚህ ነው።

ፔንሲልቬኒያ በ2023 ዛይላዚንን ቁጥጥር ውስጥ ስታስገባ ሰው እፎይ አለ። ብዙም አልቆየም። በ2024 ሜዴቶሚዲን የሚባል ሌላ የእንስሳት ማስተኛ ተክቶት መጣ፤ የዛይላዚን ዘመድ ነው፣ ግን በጣም ጥቂቱ የሚበቃ። የልብ ምትን በአስፈሪ ሁኔታ ያዘገያል። በሐምሌ 2025 ደግሞ ባልቲሞር፣ ፔን ኖርዝ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ቀን ጠዋት 27 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ናሙናው ሲመረመር ከፌንታኒሉ ጋር ኤን-ሜቲልክሎናዜፓም ተገኘ፤ ከቫሊየም ቤተሰብ የሆነ ማስተኛ። ይሄንንም ናርካን አይፈታውም። ባልቲሞር ከሲልቨር ስፕሪንግ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም።

ስለ መንካት አንድ ነገር። ዱቄቱን በመንካት ብቻ ሰው ራሱን ስቶ አይወድቅም፤ ይህ ወሬ ስንቱን ከመርዳት አስቀርቷል። ጓንት ካላችሁ አድርጉ፣ ከሌላችሁ እርዱና በኋላ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። በሳኒታይዘር ግን አይሁን።

ወጣቶቻችን ላይ የሚደርሰው በአብዛኛው በክኒን በኩል ነው። መርፌ የሚያስፈራው፣ «እኔ ሱሰኛ አይደለሁም» የሚል ተማሪ፣ ለፈተና አዴራል ወይም ለጭንቀት ዛናክስ በስናፕቻት ይገዛል። ለምሳሌ ሰማያዊዋን ክብ ክኒን እንይ፦ በአንድ በኩል በካሬ ውስጥ «ኤም»፣ በሌላው በኩል 30 እና መሀሏን የሚከፍል መስመር። ከፋርማሲ ስትመጣ 30 ሚሊግራም ኦክሲኮዶን የሚባል ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ናት። መንገድ ላይ የምትሸጠው ግን በክኒን መጭመቂያ የተሠራች ፌንታኒል ናት ብላችሁ አስቡ። አንዳንዷ ጠርዟ ይፈረፈራል፣ ቀለሟ ዝንጉርጉር ይላል፤ አንዳንዷ ግን ፋርማሲስትም የማይለያት ናት፣ ስለዚህ በዓይን አትፍረዱ። የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2023 ከመረመራቸው ሐሰተኛ የፌንታኒል ክኒኖች ከ10 ውስጥ 7ቱ ሊገድል የሚችል መጠን፣ ማለትም 2 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ፣ ነበረባቸው። 2 ሚሊግራም የእርሳስ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ክኒኗ ከፋርማሲ ጠርሙስ፣ በራስ ስም ከተጻፈ ካልወጣች መድኃኒት አይደለችም፤ ሰጪው የቅርብ ጓደኛም ቢሆን።

ለሚጠቀም ሰው የፌንታኒል መመርመሪያ ወረቀት አለ፤ ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ናርካን የሚሰጡ ቦታዎች እሱንም ይሰጣሉ። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ስህተቱም ብዙ። 10 ሚሊግራም ያህል፣ ጥቂት ቁንጣሪ ማለት ነው፣ ንጹሕ ደረቅ ዕቃ ላይ አድርጎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውኃ መጨመርና ማሟሟት። ሜት ወይም ኤምዲኤምኤ (ሞሊ) ከሆነ ውኃው አንድ ሙሉ የሻይ ማንኪያ ይሁን፤ ከወፈረ ፌንታኒል ሳይኖር አለ ይላል። ወረቀቱን በሞገድ ምልክቱ በኩል 15 ሰከንድ ነክሮ ማውጣት፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አጋድሞ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ መጠበቅ። አንድ መስመር ማለት ፌንታኒል አለ፤ ሁለት መስመር ማለት አልተገኘም። ከኮቪድ ምርመራ ተቃራኒ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው።

ሁለት መስመር ታየ ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። በደንብ ያልተማሰለ ሹሮ ውስጥ የሚቀረውን ጓል አስቡት፤ ዱቄቱም እንደዚያ ነው፣ ፌንታኒሉ አንድ ጥግ ተጠራቅሞ የተመረመረው ጥግ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ክኒን ከሆነ ቁንጣሪውን ከመቁረስ በፊት በሙሉ ይደቅ። ወረቀቱ መጠን አይናገርም፤ ናይታዚን የሚባሉትን ሌሎች ብርቱ ኦፒዮይዶችም አያይም። ለዛይላዚን የተለየ ወረቀት አለ፣ ሜዴቶሚዲንን ግን እሱ አይይዘውም። ከወረቀቱ ይልቅ የሚያድነው ብቻን አለመሆን ነው። ከፊላደልፊያ እስከ ዲሲ የሚሞተው ሰው ብዙው ብቻውን፣ በሩን ቆልፎ ነው የሚገኘው።

ቁስሉስ? ዛይላዚን በመርፌ ያልተወጋ ቦታ ላይ ሳይቀር ቁስል ያወጣል፤ የሚያጨሱና የሚያሸቱ ሰዎችም ላይ ታይቷል። መጀመሪያ እንደ ትንሽ ፊኛ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ከዚያ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ከሥሩ ሥጋው እየሞተ ይሰፋል። በሐምሌ ሙቀት ረጅም እጅጌ የማያወልቅ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ክንዱን ማየት ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረገው፦ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ቫዝሊን ቀብቶ የማይጣበቅ ፋሻ ማድረግ፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መቀየር። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታፍሱበት፤ ያቃጥላል እንጂ አያድንም፣ የሚድነውን ሥጋም አብሮ ይገድላል። ቅርፊቱን አትላጡ። ትኩሳት፣ መግል፣ ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት ወይም ማበጥ፣ የጣት መደንዘዝ፣ አጥንት ወይም ጅማት መታየት ካለ ድንገተኛ ክፍል፣ በዚያው ዕለት። ቶሎ የታከመ ይድናል፤ እጅ የሚቆረጠው በዝምታ የከረመው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ አንድ ነገር እወቁ። የተለመደው የሽንት የኦፒየት ምርመራ ፌንታኒልን አያሳይም፤ ለብቻው መታዘዝ አለበት። ዛይላዚንና ሜዴቶሚዲን ደግሞ በመደበኛ ምርመራ የሉም። «ምርመራው ነጻ ነው» ተብሎ ቤተሰብ ተደስቶ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ለሐኪሙ የተወሰደውን፣ የተገዛበትን ከተማ፣ ስንት ናርካን እንደተሰጠና በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሩት። ከዕፁ የተረፈ ካለ ወይም ከረጢቱ ካለ ለአምቡላንስ ሠራተኞች ጠቁሟቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በእኛ ማኅበረሰብ የምናየው ነገር ስለሆነ ረዘም ይላል። አንደኛው ልጅን ክፍል ዘግቶ «እስኪወጣለት» መጠበቅ ነው። የዱሮውን ሄሮይን ማቆም ያሠቃያል፣ ያስታውካል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ግን ጤነኛ ወጣት ባብዛኛው ያልፈዋል። ሜዴቶሚዲን ያለበትን ሲወስድ የከረመ ሰው ግን ሌላ ነው። ካቆመ በሰዓታት ውስጥ የማያቋርጥ ትውከት፣ ላብ፣ ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት መናር ይመጣበታል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የፊላደልፊያ ሆስፒታሎች እንዲህ ያሉ ሕሙማንን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተቀብለዋል። ከቫሊየም ቤተሰብ የሆነ ማስተኛ አብሮ ከነበረ ደግሞ ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ያስነሳል። ይሄ በቤት፣ በአጥሚትና በጸሎት ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ጸሎቱ ሆስፒታልም ይደረሳል።

ሁለተኛው ወደ ሀገር ቤት መላክ ነው። ጠበል ይጠመቅ፣ ከጓደኞቹ ይራቅ ተብሎ ለሦስት ለአራት ወር ይላካል። መልካም ሐሳብ ነው፤ አደጋው ሲመለስ ነው። ሰውነቱ ዕፁን ረስቷል፤ ድሮ ይችለው የነበረው መጠን አሁን ይገድለዋል። ከእስር ቤትና ከማገገሚያ የወጣም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጁ ከደለስ ኤርፖርት ሲመለስ ቤት ውስጥ ናርካን ይኑር፣ ከዚያም በላይ ሕክምናው ይጀመር። ቡፕሬኖርፊንና ሜታዶን የሚባሉት መድኃኒቶች ሞትን በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚለውን ክርክር እናውቀዋለን፤ ከሐኪም የሚሰጠው መጠኑ ይታወቃል፣ ባዕድ ነገር የለበትም፣ ሰው ሥራውን ይሠራበታል። ቡፕሬኖርፊንን ለማዘዝ ያስፈልግ የነበረው ልዩ ፈቃድ በ2023 መጀመሪያ ቀርቷል፤ የቤተሰባችሁ ሐኪም ራሱ ሊያዝዘው ይችላል፣ ጠይቁት።

ኮኬይን «የሀብታም ነው፣ ንጹሕ ነው» ለሚል አጭር መልስ። ሀገር ቤት በግና ከብት ያረባ ሰው ሌቫሚዞልን በትል መድኃኒትነቱ ያውቀዋል። በ2009 ወደ አሜሪካ ሲገባ ከተያዘው ኮኬይን 69 በመቶው ውስጥ ተገኝቷል። ነጭ የደም ሴልን ያጠፋል፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ጉሮሮ መቁሰል፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ የጆሮ ጫፍ መጥቆር ከታየ ሐኪሙ ኮኬይን መኖሩን ካልሰማ ጉንፋን ብሎ ይሸኛል። ፌንታኒልም እየገባበት ነው፤ ለድግስ አንዴ የሚያሸት ሰው ደግሞ ለኦፒዮይድ ምንም የለመደ ነገር የለውም።

እስራኤል ያላችሁ «ናይስ ጋይ» የሚባለውን ሰው ሠራሽ ካናቢስ ታውቁታላችሁ። በ2021 እዚያ፣ ከዚያ በፊት በ2018 ኢሊኖይ ውስጥ፣ ብሮዲፋኩም የተባለ የአይጥ መርዝ ተቀላቅሎበት ሰው ደሙ መርጋት አቁሞ ነበር። ድድና አፍንጫ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ ሳይመቱ ይበልዛል። ናርካን እዚህ ምንም ሥራ የለውም። ሕክምናው ብዙ ቫይታሚን ኬ ነው፣ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት፤ ደሙ ቆመ ብሎ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው እንደገና ይደማል።

ናርካኑን የት ታስቀምጡታላችሁ? ለሹፌር ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው። በበጋ የተዘጋ መኪና ውስጥ ሙቀቱ መድኃኒቱ ከሚችለው 40 ዲግሪ ያልፋል፤ በጥር ብርድ ደግሞ በረዶ ሆኖ አይረጭም። ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ከመተው ከስልክ ቻርጀራችሁ ጋር በቦርሳችሁ ያዙት፣ ማታ ይዛችሁት ግቡ። የጊዜ ማብቂያውን ካርቶኑ ላይ እዩ፤ አሁን የሚመረተው 4 ዓመት ይቆያል። መኪና ውስጥ ተረስቶ የከረመ ወይም ጊዜው ያለፈ ብቻ በእጃችሁ ካለ ግን እሱኑ ርጩት፤ ኃይሉ ቢቀንስ እንጂ አይጎዳውም።